የሳሃብ እሸት

ዘሊኻ ሀምዱ ስልኩን ዘጋችና አልጋዋ ላይ ወጥታ ቆመች። ቆማም አልቀረች፤ መዝለል ጀመረች። የሽቦው አልጋ ሲጮህ ጓደኛዋ አመለወርቅ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንደያዘች ከመታጠቢያው ሮጣ ወጣች።

«ምን ነካሽ? ጊንጥ አየሽ?»

«ፋብሪካ ልገባ ነው! ሳሃብ! ፋብሪካ!»

«መጀመሪያ ውረጂ። አልጋውን ከሰበርሽው ፋብሪካም ገብተሽ የምትተኚው መሬት ላይ ነው።»

ዘሊኻ አልወረደችም። ጀበል አማን ላይ፣ ያ ሁሉ ዳገት ተወጥቶ በሚደረስባት በዚህች አንዲት ክፍል ውስጥ ሁለቱ አብረው መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። አመለወርቅ ጓደኛዋ እንዲህ ስታብድ አይታ አታውቅም። ደግሞ ለፋብሪካ! ሰው ለሠርግ ይዘላል፣ ለዒድ ይዘላል። ለፋብሪካ የዘለለ ሰው ያን ቀን ታየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘሊኻ ወሎ ውስጥ፣ ቃሉ ከሚባለው አገር፣ ከገበሬ ቤት የወጣች ሴት ናት። ዐረብ አገር፣ አማን ከመጣች ስድስት ዓመቷ። አራቱን ዓመት ኡም ኡዘይና በሚባል ሰፈር ከአንዲት መዳም ቤት ሠራች። ከዚያ ከመዳሟ ጋር ተስማምታ ወጣችና ራሷን ችላ፣ በሰዓት የሰው ቤት እያጸዳች ትኖር ጀመር። ኮሮና በገባ በሁለተኛው ዓመት ግን የሰዓት ሥራ ድርግም አለ። ከቤት ቤት የምትዞር ሴት በሽታውን በቦርሳዋ ይዛ የምታድል ይመስል አንዱ ቤት ሌላውን እየተከተለ በሩን ዘጋ።

አልጋ ላይ የሚያዘልላት ግን ሥራ መፍታቷ ብቻ አልነበረም። በአባቷ እርሻ ላይ ሥራ ማለት ደቦ ነበር። አጨዳ ሲደርስ ሠላሳ አርባ ሰው ይሰለፋል፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ወደኋላ የቀረው ይሰደባል፣ የቀደመው ይሞገሳል፤ እየተሳሳቁ ሳያውቁት ፀሐይ ትጠልቃለች። አማን ውስጥ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ የሠራችው ብቻዋን ነው። ከሰው ሳሎን ጋር ብቻዋን፣ ከሰው መስኮት ጋር ብቻዋን። ሥራው አልከበዳትም፤ ዝምታው ነው የከበዳት። ስለዚህ ፋብሪካ ሲባል የታያት ብረቱ ሳይሆን ሰዉ ነው። ጣራ ያለው ደቦ መሰላት።

የደወለችላት የቀድሞ መዳሟ ነበረች። «ወንድሜ ኢብራሂም ሴቶች ይፈልጋል» አለቻት። «ሦስት ቀን ይሞክርሻል። ከወደደሽ ኢቃማሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ ወደ ፋብሪካው ያዞረዋል። ካልወደደሽ ኻላስ፣ ሐቢብቲ፣ ያው እንደነበርሽ ነሽ።»

እንደነበረች መሆን ማለት ደግሞ ያቺን ክፍል ጣራ እያዩ መዋል ነው። ዘሊኻ ይህን አልቀበልም ብላ ማለች።

ይህ ኢብራሂም አጅሉን ከሚባል ተራራማ አገር፣ ስንዴ ከሚያርስ ቤተሰብ የተወለደ ነው። እዚያ አገር ስንዴው ገና እሸት ሳለ ያጭዱታል፤ በገለባ እሳት ይለበልቡታል፤ ከዚያ አሽተው ፍሬውን ያወጡታል። ፍሪኬ ይሉታል፤ ከዶሮ ጋር ይቀቅሉታል፣ ሾርባም ያደርጉታል። አባቱ ከሞቱ በኋላ ኢብራሂም ጭሱና ጥላሸቱ ይብቃኝ ብሎ ከአማን ወጣ ብላ ባለችው የፋብሪካ ከተማ፣ ሳሃብ ላይ ፋብሪካ አቆመ። አሁን እሸቱ በመኪና ይመጣል፤ ቤት የሚያህል የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ እየተሽከረከረ በናፍጣ እሳት ይጠብሰዋል። መንደሩ ሙሉ ወር ይለፋበት የነበረውን በርሜሉ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ኢብራሂም ይህን ሲናገር ደረቱ ይነፋል።

በመጀመሪያው ቀን ዘሊኻ የሠራተኛ አውቶቡስ ሊመጣ አንድ ሰዓት ሲቀረው መንገድ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሳሃብ ስትደርስ ያየችው ሁሉ አስደሰታት። መጋዘኑ አስደሰታት፣ ነጭ ካፖርቱ አስደሰታት፣ ጸጉሯን የሚሸፍነው ፕላስቲክ ኮፍያ ሳይቀር አስደሰታት። ከሻሿ በላይ ደርባው ራሷን በስልኳ አንሥታ ለአመለወርቅ ላከች። «ጎመን መስለሻል» የሚል መልስ መጣ።

የአዳራሹ አለቃ ሱመያ የምትባል፣ ድምፅዋ ማሽን የሚያስንቅ የአማን ሴት ነበረች። ሕጉን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። በሁለት ሴቶች መካከል ሁለት ሜትር። ጓንት አይወልቅም። ወሬ የለም። «ማስክ ደግሞ» አለች፣ የራሷን ማስክ ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ ጩኸቱን አልፎ እንዲሰማላት፣ «አዳራሽ ውስጥ ማስክ ያወለቀች በዚያው ደቂቃ ትወጣለች። የሙዲሩ የኢብራሂም ቃል ነው። ጎረቤታችን ያለው ፋብሪካ ሠራተኛ ታሞበት አሥራ አምስት ቀን ታሽጓል።»

ደቦው እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አምስት ሴቶች በጎማ ቀበቶ ዳር ተራርቀው ይቆማሉ፤ ቀበቶው እህሉን ይዞ ይንሸራሸራል፤ ጠጠሩንና እንክርዳዱን እየለቀሙ ይጥላሉ። ማውራት የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ሐሞቱ በፈሰሰ። ዘሊኻ ግን ከማስኩ በላይ ያሉትን አራት ጥንድ ዓይኖች አየችና ለራሷ ይህም ይበቃኛል አለች። ዓይንም ይስቃል። እስከ ምሳ ድረስ አራቱንም በዓይኗ ብቻ አስቃቸዋለች። እጇማ አይነሣ! ጠጠር ስትለቅም ለተመለከተ፣ እህል ለቅማ ያደገች ሴት ከየት እንደመጣች ይገባዋል። ሱመያ ሁለት ጊዜ ቆማ አየቻትና ምንም ሳትል አለፈች። ለሱመያ ይህ ሙገሳ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በርሜሉ ገና አልተነሣም ነበር። የዓመቱ እሸት አልደረሰም። እነሱ በቀበቶው ላይ የሚለቅሙት ያምና ትራፊ ነው፤ ለመልመጃ። በርሜሉ የሚኖረው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ግድግዳ በሌለው ቆርቆሮ ጣራ ሥር ነው፤ የሚያዘውም ሰዒድ የሚባል ግብፃዊ ነው። ሰዒድ በርሜሉን እንደ ሙሽራ ፈረስ ይወለውለዋል። ማቃጠያውን ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ መልሶ ገጠመ። «ቁልፉን እጫናለሁ፣ ቁጥሩን አያለሁ፣ አለቀ» አላት ለዘሊኻ። «ያ ሲቲ፣ እመቤቴ፣ የአንቺ አገር ሰው አንድ ወር ይደክማል!»

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ይህንኑ ለአባቷ በስልክ አወራችላቸው።

«እሺ፣ በርሜሉ ይዞራል አልሽኝ» አሉ ሀምዱ። «በሬዎቹ የት ቆመው ነው የሚያዞሩት?»

«በሬ የለም አባ። በቁልፍ ነው።»

«በሬ ከሌለ ማን ያበራየዋል?»

«ማሽን ነው አባ።»

«ሰዉስ? ሰዉ ምን ይሠራል?»

«ይለቅማል።»

«እና ማን ይዘፍናል?» አሉ ሀምዱ። ዘሊኻ ከት ብላ ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ካርዱ አለቀ።

ሦስተኛው ቀን ደረሰ። ሁለት የጭነት መኪና ሙሉ አረንጓዴ ስንዴ፣ የኢብራሂም የገዛ እርሻ ምርት፣ ከአጅሉን ጠዋት ገባ። ሰዒድ ቁልፉን ተጫነ። በርሜሉ አጓራ፣ እሳቱ ፏ አለ፣ ፍሬውን ከገለባው የሚለየው ማሻ ማሽን ተከትሎ ጮኸ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ እሸት ትኩስ እንደሆነ፣ አረንጓዴ እንደሆነ፣ ግማሹም ከነገለባው በጎማው ቀበቶ ላይ ወደ ዘሊኻ መጣ።

እዚህ ላይ ዘሊኻን አትፍረዱባት። በእነሱ ቤት የዓመቱ የመጀመሪያ ጥብስ እሸት በዝምታ አይታለፍም። መጀመሪያ እጁ የገባለት ሰው ያሸዋል፤ እፍ ብሎ ገለባውን ያበርራል፤ ከዚያ አብሮት የሠራውን ሁሉ በእጁ ያጎርሳል። የጎረሰው ይመርቃል። አጉራሹ የሚቀምሰው ከሁሉም በኋላ ነው። ይህን ሳያደርግ የበላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲታማ ይኖራል። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታደርገው የኖረችው ነገር ነው። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ።

ጓንቷን አወለቀች። ማስኳን አወረደች። አንድ ጭብጥ አነሣች፣ አሸች፣ እፍ አለች። ኮሮና ባለበት አገር፣ አዳራሽ መሀል፣ እፍ!

ሱመያ ከሩቅ አየቻትና እየሮጠች መጣች። ለመጮህም እንደ ልማዷ ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አደረገች። «ሹ ሃዳ፣ ምንድን ነው ይህ፣ ያ ቢ...» ከማለቷ አፏ በእሸት ተሞላ።

«ለዓመቱ ያድርሰን!» አለቻት ዘሊኻ ፊቷ እየበራ።

ሱመያ ትዋጠው ትትፋው ጠፋትና ቆመች። ዘሊኻ ወደ ሁለተኛዋ ሄደች። ሴቶቹ ነገሩ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ ግን በእነዚያ ሁለት የኮሮና ዓመታት ውስጥ ማን አጉርሷቸው ያውቃል? ማን ቀርቧቸው ያውቃል? እየሳቁ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው ተራ በተራ አፋቸውን ከፈቱ። ሳቁን ሰምቶ ሰዒድ ከበርሜሉ መጣ፤ እሱም ጎረሰ። ዘሊኻ ዞር ስትል በሩ ላይ አንድ ጠና ያለ ሰው አየች። የሠራ ሰው መሰላት፤ አላመለጣትም። እጇን ዘርግታ ማስኩን በአንድ ጣት ወደ ታች ሳብ አደረገችና አጎረሰችው።

ሙዲሩ ነበር።

«መጅኑና!» አለ ኢብራሂም፣ አፉ እንደሞላ። «ያበደች ናት! ማናት ይህቺ? ሱመያ! ስለ ማስክ ምን ብያለሁ? ፋብሪካዬን ልታሳሽጊ ነው? ውጪ! አሁኑኑ ካፖርቱን አውልቂና...»

ዘሊኻ ምን እንዳደረገች የገባት ያን ጊዜ ነው። ካፖርቱን ማውለቅ ጀመረች፤ ቁልፉ አልፈታ አላት። ስድስት ዓመት ብቻዋን ሠርታ፣ ሰው አጠገብ የቆመችው ሁለት ቀን ተኩል። በራሷ ተናደደች። እንባዋ መጣ።

ኢብራሂም ግን አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ማላመጡን ቀስ አደረገ። ቆመ። እንደገና አንድ ጊዜ አላመጠ። ፊቱ ተኮማተረ።

«ሱመያ» አለ። «ይህ ነገር ምን ምን ይላል?»

ሱመያ አንገቷን ደፋች። «የእጇ ክሬም መስሎኝ ነበር፣ ሙዲር። ነውር እንዳይሆን ብዬ ዋጥኩት።»

አንደኛዋ ሴት «እኔም የአገራቸው ቅመም መስሎኝ» አለች። ለካስ ሁሉም በይሉኝታ ነው የዋጡት! ዘሊኻ እጇ ላይ የቀረችውን ቁንጥር አፏ ውስጥ ጣለችና ወዲያው ዓይኗ ፈጠጠ። ናፍጣ። እሸት ሳይሆን የአውቶቡስ ጭስ ነው ያጎረሰቻቸው!

«ናፍጣ ነው» አለ ኢብራሂም። «እህሌ ናፍጣ ጠጥቷል።»

ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ በደስታ ያላምጥ ነበር። «ዓሰል!» አለ ሰዒድ፣ ከንፈሩን እየላሰ። «ወላሂ ማር ነው፣ ሙዲር!»

ሁሉም ዞረው አዩት። ሰዒድ ማላመጡን አቆመ። አንድ በአንድ ፊታቸውን አየ። ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አቀረቀረ።

«ከታመምኩ ወዲህ አይሸተኝም» አለ። «ሁለት ወር አለፈው። ዳቦም አይሸተኝም፣ ሳሙናም አይሸተኝም። አፍንጫ የሌለው ማሽን ነጂ ምን ይሠራልኛል ብለው ያባርሩኛል ብዬ ዝም አልኩ።» ማቃጠያውን ሲገጥም አንዱን ብሎን በደንብ አላጠበቀውም ነበር፤ ናፍጣው ሳይነድ እየተረጨ ነው እሸቱን ያጠበው። ቁጥሩ ትክክል ነበር። ቁጥር ደግሞ አይሸትም። ሌሎቹም ማስክ ለብሰዋል፤ ዘሊኻ ባትቀብጥ ኖሮ ያ እህል በከረጢት ታሽጎ፣ ኢብራሂም ተብሎ ተጽፎበት፣ አማንን ሙሉ በናፍጣ ያጎርስ ነበር።

ኢብራሂም ራሱን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። በርሜሉ ተፈትቶ እስኪታጠብ እስከ ማታ ይፈጃል። አንደኛው መኪና ገና አልተራገፈም። አረንጓዴ ስንዴ ደግሞ ተከምሮ አያድርም፤ ይግላል፣ ይሆመጥጣል፣ ለከብት ይሆናል። የመኪናው ጎማ ላይ ተቀምጦ የአባቱን ስም እየጠራ ይነጫነጭ ጀመር።

ዘሊኻ ካፖርቷን ክንዷ ላይ አጥፋ በአጠገቡ ወደ መውጫው ታልፍ ነበር። እግሯ አላልፍ አላት። ተባርራ የለ? ከዚህ ወዲያ ምን ይመጣባታል?

«ሙዲር» አለች። «ገለባ አለ?»

«ምን?»

«ደረቅ ገለባ። ያምና ገለባ ከመጋዘኑ ኋላ ተከምሮ አይቻለሁ።» ጎንበስ ብላ እፍኝ አፈር አነሣችና ቀስ አድርጋ ለቀቀችው። አቧራው ወደ መንገዱ ነፈሰ። «ነፋሱም ደህና ነው።»

ኢብራሂም የኮቱን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳሃብ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ስንዴውን በሰፊው ሲሚንቶ ግቢ ላይ ረድፍ ረድፍ አድርገው ዘረጉት፤ ደረቁን ገለባ በተኑበት፤ ዘሊኻ ከነፋሱ በኩል እሳት ለኮሰችለት። እሳቱ እየዘለለ ሮጠ። ገለባው ነደደ፣ እርጥቡ ፍሬ ሳይነድ ተጠበሰ። «አገላብጡ!» ብላ ስትጮህ መንሽ ያገኘ በመንሽ፣ ያላገኘ በአካፋ አገላበጠ። አካፋው ረጅም ነው፤ ሁለት ሜትሩ ራሱ ተጠበቀ። ማሻው ማሽን ጤነኛ ስለነበር የተለበለበውን እየወሰዱ ለእሱ ይመግቡታል፤ እሱ ያሻል፣ እነሱ ያቃጥላሉ። ሱመያ የጩኸቷን ጥቅም ያገኘችው ያን ቀን ነው፤ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ ታዛለች። የኢብራሂም ጫማ ጠቆረ፣ ሱሪው ጠቆረ፣ አፍንጫው ጠቆረ። «እንዲህ አይደለም፣ አባቴ እንዲህ ነበር የሚመታው!» እያለ ከዘሊኻ እጅ መንሽ ይነጥቃል፤ እሷም መልሳ ትነጥቀዋለች። ዘፈኑን ማን እንደጀመረው አልታወቀም። ዘሊኻ በአማርኛ ስታወጣ ሴቶቹ ሳይገባቸው ይቀበሏታል፣ ሰዒድ በግብፅኛ ያጨበጭባል። ጭሱን ያዩ የጎረቤት ፋብሪካ ዘበኞች የእሳት ማጥፊያ ተሸክመው እየሮጡ መጡ። አንደኛው ማጥፊያውን አስቀምጦ አካፋ ያዘ።

ዘሊኻ በሳቅ ወገቧን ይዛ ቀረች። ይህ ነበር የናፈቃት። ሲሚንቶ ላይ፣ በብረት አጥር መሀል፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር፣ ራሱ ነው! ደስታዋ መውጫ አጣ።

እሳቱ ሲበርድ፣ መኪናው ባዶ ሲሆን፣ ኢብራሂም ጥቂት አነሣ፣ አሸ፣ ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ፣ እንደገና ቀመሰ። ከዚያ ወደ ዘሊኻ ዞረ።

«ስለ ማስክ ማውለቅ የተናገርኩትን አላጥፍም» አለ። «ያወለቀ ከአዳራሹ ይወጣል።»

«እሺ፣ ሙዲር» አለች ዘሊኻ።

«ስለዚህ ወጥተሻል። ከነገ ጀምሮ ሥራሽ እዚህ ውጭ፣ በርሜሉ ዘንድ ነው። ከበርሜሉ የወጣ ሁሉ አንቺ ሳትቀምሽው ቀበቶው ላይ አይወጣም። ፓስፖርትሽንና ኢቃማሽን ጠዋት ይዘሽ ነይ።»

እልልታዋ ከሱመያ ጩኸት በለጠ። ሳትጨርሰው ግን አቋረጠችው። ሰዒድ ራቅ ብሎ መንሹን ተደግፎ ቆሟል፤ ተባርሬያለሁ ብሎ ቦርሳውን ይዞ መጥቷል።

«ሰዒድስ?» አለች።

ኢብራሂም ሰዒድን አየው። «እጁ ምን ሆነ?» አለ። «የጎደለው አፍንጫ ነው። አፍንጫ ደግሞ አሁን ቀጠርን።»

በማግስቱ ጠዋት ሰዒድ እያንዳንዱን ብሎን ሦስት ሦስት ጊዜ አጥብቆ፣ በርሜሉን ያን ጠዋት በገባ አዲስ እሸት ለሙከራ ጥቂት አዞረና አቆመው። ከበርሜሉ አፍ ላይ አንድ ጭብጥ እሸት አንሥቶ ለዘሊኻ አቀረበላት። አሽታ፣ እፍ ብላ፣ ቀመሰች።

«ደህና ነው» አለች። «አስነሣው።»

ሰዒድ እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ቆመ። «ያ ሲቲ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እንዴት እንደሚሸት ንገሪኝ።»

ዘሊኻ በዐረብኛ ልትጀምር ሞከረች። ዐረብኛዋ የወለል ነው፣ የመስኮት ነው፣ የክሎሪን ነው፤ ለዚህ የሚሆን ቃል አልነበራትም። ስለዚህ በአማርኛ ነገረችው። ስለ ገለባው ጭስ፣ ፍሬው ውስጥ ስላለው ወተት፣ ጥርስ ላይ ፍርጥ ሲል ስለሚሸተው ነገር፣ እጅ ላይ ቀርቶ እስከ ማታ ስለሚያጅበው ጠረን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ሰዒድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንድ ቃል ሳይገባው፣ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።

«በቃ» አለ፣ «ሸተተኝ።» ቁልፉንም ተጫነ።